ጠያቂ ያጣ እግር

ዘንድሮ መታመም እንኳ ክብሩን አጣ። አልጋ የለ፣ ጠያቂ የለ፣ «እግዜር ይማርዎ» የለ። ሰው እግሩን ይታከምና በዚያው በታከመው እግሩ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ሕክምና ነው? ፀጉር የተቆረጠ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ወሬ ይዞ ይመለሳል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩ ሰው ነኝ። ወገራ በልጅነቴ ከአባቴ ወናፍ አጠገብ ቆሜ አደግኩ። እዚህ እስራኤል ከገባን በኋላ መጀመሪያ ፋብሪካ ቆምኩ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ የሰው ቦርሳ እየፈተሽኩ ቆምኩ። ለዘበኛ ወንበር ይሰጠዋል፤ ዳሩ ግን ተቀምጦ የተገኘ ዘበኛ እንደተኛ ነው የሚቆጠረው። ስቆም፣ ስቆም፣ ግራ ባቴ ላይ ሥሮቼ እንደ ሐረግ ተጠማዝዘው ወጡ። ማታ ማታ እግሬ ይከብደኛል። ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት ቦይ ሠርቶ ይቆያል። ቁርጭምጭሚቴን ከውስጥ በኩል ይበላኛል፤ ቆዳው ጠቆረ፣ ደደረ። ባለቤቴ «ኧረ ጠቁሯል!» ስትለኝ «ድሮስ ቀይ ነበርኩ ወይ?» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ያን ጊዜ ገና ዝም ትልልኝ ነበር።

ሐኪሙ ግን ዝም የሚል አልሆነም። ግድግዳው ላይ የእግር ሥር በሽታ ደረጃ በሥዕል ተሰቅሏል። የቀጠኑ ቀያይ ሥሮች 1፣ የተወጠሩት 2፣ እብጠት 3፣ የቆዳ መጥቆርና መደደር 4፣ የዳነ ቁስል 5፣ ያልዳነ ቁስል 6። ሥዕሉ ላይ ያለው እግር ሁሉ የፈረንጅ እግር ነው። በፈረንጅ እግር መጥቆሩ ከበር ላይ ሆነው ይታያል፤ በእኛ እግር ግን መብራት አስጠግቶ፣ አጎንብሶ፣ በጣቱ ዳስሶ ነው ያገኘው። «4 ነህ» አለኝ። የትምህርት ቤት በር ከመጠበቅ በቀር ወደ ውስጥ ያልዘለቅኩ ሰው በእግሬ ምክንያት 4ኛ ደረስኩ። ደስ ልሰኝ ስል «ከዚህ በኋላ ያለው ቁስል ነው» ብሎ ደስታዬን ቀማኝ።

አስተርጓሚዬ የልጅ ልጄ ናት፤ የነርስነት ተማሪ ነች። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ እሷ ግን «አባባ፣ በሮቹ ላልተዋል ይላል» አለችኝ። የምን በር? አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው በወጉ የተብራራልኝ። ልብ ደሙን ወደ እግር ለመላክ አቅም አላት፤ ጭንቁ መልሱ ላይ ነው፣ መንገዱ ሽቅብ ነውና። ሽቅቡን የሚገፋው የባት ሥጋ ነው፤ ሰው በተራመደ ቁጥር ባቱ ይጨመቅና ደሙን ወደ ላይ ይሰዳል። ደም መልሶቹ ውስጥ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ደሙ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ። እነሱ ሲላሉ ደሙ ተመልሶ ይወርዳል፣ ታች ይጠራቀማል፣ ሥሩን ይወጥራል፣ ቆዳውን ያበላሻል። ዘር አለበት፣ ዕድሜ አለበት፣ እርግዝና አለበት፣ ቆሞ መዋልም አለበት። የሰው ልጆች በር ስጠብቅ ኖሬ የገዛ እግሬን በር የሚጠብቅ አጣሁ!

ልጅቱ እንደ ነገረችኝ እነዚህን በሮች ፋብሪሲየስ የሚባል የፓዱዋ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1603 በመጽሐፍ አሳያቸው፤ ተማሪው ሃርቬይ ደግሞ በ1628 ደም በሰውነት ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስ ያስረዳው እነሱን ይዞ ነው። እንግዲህ በሮቹ ከታወቁ 400 ዓመት አለፈ፤ ጠጋኝ ግን እንደ ልብ አልተገኘላቸውም። የላላውን በር አያጠብቁትም፤ ቤቱን ከነበሩ ነው የሚዘጉት።

ወደ ሕክምናው ለመድረስ ያየሁት ወረቀት ሌላ ታሪክ ነው። ከቤተሰብ ሐኪም ወደ ደም ሥር ሐኪም፣ ከዚያ ወደ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ቶፌስ 17 ወደሚሉት የክፍያ ማረጋገጫ፣ ከዚያ ቶር ወደሚሉት ወረፋ። ሕጉ መልካም ነው፤ ከ1995 ጀምሮ በዚህ አገር የሚኖር ሁሉ የጤና መድን አለው፤ ደሃው ከሀብታሙ ጋር በአንድ ወረፋ ይቀመጣል። ወረፋውን ግን የሠሩት ማቱሳላን አስበው መሆን አለበት።

ቀኑ ሲደርስ እንደ ወጉ ተዘጋጀሁ። ነጭ ኩታዬን ደረብኩ፣ ጭራዬን ያዝኩ፣ ፒጃማና ነጠላ ጫማ በፌስታል አስያዝኩ። ልጆቼን ተሰናበትኩ። ሽማግሌ ሊታከም ሲወጣ እንዲህ ነው፤ መመለሱ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ትንሿ ልጄ ስልኳን ሳትለቅ «በ11 ሰዓት ትመለሳለህ አይደል? ዱቄቱን የሚቀበል ሰው ስለሌለ ነው» አለችኝ።

ከተማችን ረሆቮት ያለችው ሄርዝል ጎዳና ላይ ነው ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም። ባንኩ እዚያ፣ ፋርማሲው እዚያ፣ ሻዋርማው እዚያ፤ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ደግሞ የዓለም ሊቃውንት የተሰበሰቡበት የቫይዝማን ተቋም እዚያው ነው። በ1934 ሲጀመር ሌላ ስም ነበረው፤ በ1949 ነው በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመው። ሕክምናህ ሄርዝል ጎዳና ነው ስባል እኔ ያሰብኩት ይህንን ነበር፤ በሊቃውንት ደጅ ልገባ ነው ብዬ። ስንደርስ ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ሆኖ ተገኘ። ጎዳናው የተሰየመለት የጽዮናውያን መሪ ቴዎዶር ሄርዝል በ1898 እዚህ ሲመጣ ረሆቮት ገና የ8 ዓመት መንደር ነበረች፤ ሆኖም ፈረሰኞች ወጥተው ተቀበሉት። እኔን የተቀበለኝ ሊፍት ነው፤ እሱም 1ኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ትንሽ አሰበ።

መጠበቂያው ክፍል በወጣት ሴቶች ተሞልቷል። እግራቸው ላይ ያለችውን ክር የምታህል ሥር ሊያስጠፉ፣ በጋ ሳይደርስ አጭር ቀሚስ ሊለብሱ፣ ከኪሳቸው ከፍለው የመጡ ናቸው። ለውበት የሚሠራውን የጤና መድን ድርጅቱ፣ ኩፓው፣ አይከፍልም። ከመካከላቸው ጭራዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዷ ጭራውን አይታ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝንብ ለመከላከል ነው አልኳት፤ እዚህ ዝንብ የለም አለችኝ። ወረፋ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ክብሩን ከምን እንደሚከላከል ምኑን ታውቀው! ጸሐፊዋ ደግሞ የልጅ ልጄን የምታክል፣ «አባ» የለ፣ «ጋሼ» የለ፣ ስሜን ከነአባቴ በአዳራሹ ሙሉ ጠራችው። ፌስታሉን ስታይ «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ለማደሪያ ነው አልኳት። እንደዚያ ከልብ የሳቀ የመንግሥት ፊት በዚህ አገር አላየሁም፤ ቦታው የመንግሥት ባይሆንም።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያለኝ ቃል «ቁም» ነው። ልታከም የመጣሁት ከመቆም ነው፤ ቁም ይለኛል! ቆሜ ሥሮቼን በእስክሪብቶ ተከተላቸው፤ እግሬ የመንገድ ካርታ ሆነ። ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ የአልትራሳውንዱን እጀታ አሳረፈበት። ባቴን ሲጨምቀው ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ሲለቀው ቀይ ተመልሶ ይወርዳል፤ መሣሪያው ሹ… ሹ… ይላል። ደሙ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ከፈሰሰ በሽታ ነው አለኝ። የእኔ ደም ሲመለስ ቡና ተፈልቶ ይደርስ ነበር። ወደ ኋላ ለመሄድማ እኔም እንደ ደሜ ነኝ፤ ልቤ ወገራ ነው።

ከዚያ አስተኙኝ። ማስተኛት እንኳ አይባልም፤ ጋደም አደረጉኝ። ጨው ባለው ውኃ የቀጠነ ማደንዘዣ ከጉልበቴ በታች ጀምሮ እስከ ብሽሽቴ በሥሩ ዙሪያ በመርፌ ይጠቀጥቅ ጀመር። ይህችን ለእውነት ስል እመሰክራለሁ፤ መርፌው ያማል፣ ግን «ኡ» የሚያሰኝ አይደለም፣ «እ» ነው። ያ ውኃ ማደንዘዝ ብቻ ሳይሆን ሥሩን ጨምቆ ያጠብበዋል፣ በዙሪያው ያለውንም ሥጋ ከእሳቱ ይከላከልለታል። እሳቱ ደግሞ የሚመጣው ከጉልበት በታች በመርፌ ቀዳዳ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦውን በሥሩ ውስጥ ሽቅብ ሰድዶ፣ ጥልቁ ሥር ጋ ሊደርስ 2 ሳንቲሜትር ሲቀረው አቆመው። ጫፉ ላይ 7 ሳንቲሜትር የሚሆን የሚግል ነገር አለ፤ 20 ሰከንድ ያግለዋል፣ ወደ ታች ይስበዋል፣ ደግሞ 20 ሰከንድ።

«ሙቀቱ ስንት ነው?» አልኩት።

«120 ዲግሪ።»

ሳቄ መጣ። አባቴ ማረሻ ሲያቀና ብረቱ ቀልቶ፣ ከመቅላት አልፎ ሊነጣ እስኪደርስ ነበር የሚያግለው። 120 ዲግሪ በእሱ ቤት ገና ወናፉ ሳይነካ ነው። አገር ቤት እኮ ሰው ቁርጥማት ሲይዘው በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር፤ ብረቱንም ከእኛ ቤት ይወስዱት ነበር፤ ምስጋናው ግን ወደ እኛ ቤት አይመጣም። አባቴ በእሳት ብረት ስለቀጠቀጠ ቡዳ ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ተብሎ የጎረቤት ልጆች ሲያዩት ይሸሹ ነበር። ይህ ደግሞ በእሳት የሰው እግር ከውስጥ እየጠበሰ ዶክተር ይባላል፤ ሴቶቹም ከፍለው ተሰልፈው ይጠብቁታል። ዕድል ነው።

የጎን ቅርንጫፎቹን በሌላ መንገድ ጨረሳቸው። ሁለት ሲሪንጅ አፍ ለአፍ ገጥሞ መድኃኒቱንና አየሩን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልሰው ነጭ አረፋ ሆነ፤ አረፋውን ወደ ሥሩ ሰደደው፣ የሥሩ ግድግዳ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይደርቃል አለኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ።

«የተቃጠለውን ሥር ስጠኝ» አልኩት።

«አይወጣም፤ እዚያው ይኮማተራል፣ ሰውነትህ በወራት ውስጥ ያጠፋዋል» አለ። ደሙስ በየት ይመለሳል ብል፣ ድሮም ከእግር የሚመለሰው ደም ከ10 እጅ 9ኙ በጥልቁ ሥር ነው የሚሄደው ብሎ አረጋጋኝ። እኔ ግን የፈለግኩት ማረጋጊያ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ለሰው ምን ላሳይ? የቀረልኝ ከጉልበቴ በታች ያለች ነቁጥ ናት፤ ትንኝ ከዚያ የበለጠ ጠባሳ ትተዋለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባብኮክ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በ1907 ባወጣው ዘዴ ሥሩን በሽቦ ከብሽሽት እስከ ታች መዝዘው ያወጡት ነበር፤ ሰው ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል፣ እግሩ በፋሻ ይጠቀለላል፣ አልጋ ይይዛል፣ ሳምንታት ያርፋል፣ ዘመድ ይመላለሳል። እንግሊዞች በ2013 ባወጡት መመሪያ መጀመሪያ በሙቀት መዝጋት፣ ካልሆነ በአረፋ፣ ቢላዋው መጨረሻ ይሁን ብለው ይህንን ወግ ወደ ታች አወረዱት። ከሁሉ የምቀናው ግን በሮማዊው የጦር አዛዥ በማሪዮስ ነው። ፕሉታርክ እንደሚተርከው እግሩ በእንዲህ ያለ ሥር ተሞልቶ ነበር፤ ሳይታሰር፣ ሳይቃትት፣ ፊቱን ሳያጨማድድ የአንዱን እግር ሥሮች አስወጣ። ሐኪሙ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ግን ጥቅሙ ለሥቃዩ አይበቃም ብሎ እምቢ አለ። ይኸው 2,000 ዓመት አልፎ በእኔ ቤት ስሙ ይነሣል። እኔ የቀኝ እግሬን እምቢ ያልኩት በተቃራኒው ነው፤ ሥቃዩ ለወሬው አይበቃም።

ከሕክምናው በኋላ ትተኛለህ የሚለኝ መስሎኝ ስጠብቅ «ተነሥና ተራመድ» አለኝ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። ደም እንዳይረጋ ነው፤ ባቱ እንዲሠራ ነው፤ ይገባኛል። ባትህ ቢያብጥና ቢያምህ፣ ትንፋሽ ቢያጥርህ ቶሎ ጥራን አለኝ፤ ይህም ይገባኛል። ያልገባኝ የመንገዱ ነገር ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች በ1984 ከጎንደር ተነሥተን ወደ ሱዳን በሌሊት ስንጓዝ ለእግራችን የሚጨነቅ ሐኪም አልነበረም። በዚያ መንገድና በሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ሰው ቀርቷል፤ መታሰቢያቸው በዚያው በሄርዝል ስም በሚጠራው የኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ነው። ወንድሜም ከእነሱ አንዱ ነው። እንግዲህ ያን መንገድ የሄደ እግር ዛሬ ከገበያው እስከ ቫይዝማን በር ሄዶ እንዲመለስ በወረቀት ታዞለታል። መራመድ የሚያስተምሩን ጊዜ ደረሰ!

ካልሲውንስ ምን ልበላችሁ። ጥብቅ ካልሲ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት አጥብቆ ይይዝና ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ጠዋት እግር መሬት ሳይረግጥ፣ እብጠቱ ሳይወርድ መግባት አለበት። ባለቤቴ ተረከዙን ትይዛለች፣ የልጅ ልጄ ከላይ ትስባለች፣ እኔ የአልጋውን ራስ አንቄ እጸልያለሁ። በረሆቮት ሐምሌ ሙቀት! ፋርማሲው ውስጥ ቀለሙን ስጠይቅ «የሰውነት ቀለም» ብላ ያመጣችልኝ ስንዴ የመሰለ ነው። የማን ሰውነት? ሻጯ ግራ ገባት፤ ጥቁር ከፈለግህ ሌላ ሳምንት ና አለችኝ። ሰንበት ጸሎት ቤት ጫማዬን ሳወልቅ አንዱ ሽማግሌ ትክ ብሎ አይቶ «አንደኛው እግርህ ቀድሞ ፈረንጅ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ያ ነው እንግዲህ በዚህ ሕመም ያገኘሁት ጥየቃ።

ጎረቤቴን ተመልከቱ። ካፕላን ሆስፒታል ልቡን ተሠርቶ የወጣ ሰው ነው። በተኛበት ጊዜ በሰፈራችን በክርያት ሞሼ ያለ ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ ጠይቆታል፤ እኔም ሄጃለሁ። ዶሮ በሳህን፣ ዳቦ በጨርቅ፣ ከአሽኬሎን የመጣ ዘመድ፣ ከኔታንያ የመጣ ቄስ። ቤቱ ሲገባ ደግሞ እንደገና ተጀመረ። እስካሁን ሸሚዙን ይከፍትና ጠባሳውን ያሳያል፤ ሰው ባይጠይቀውም ያሳያል። እኔ ቤቴ ስገባ የተቀበለኝ 25 ኪሎ ዱቄት ነው። ልጆቹ ደወሉ፤ «አለቀ?» አሉ፤ «አለቀ» አልኩ፤ «ጎበዝ» ብለው ዘጉ። ጎበዝ! በግ ያረደ ወጣት ነኝ? ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ትንሽ ስቃትት ባለቤቴ «ሐኪሙ ተራመድ አይደል ያለህ?» ትለኛለች። አገር ቤት ሳለን አንቱ ትለኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ ላይ ስትወጣ ነው አንተ ያለችኝ፤ እዚያ ላይ ሆኜ ወዴት ልሂድ።

ይባስ ብሎ ባለፈው ወር እሷም እዚያው ሄደች። ስንት ልጅ የወለደች፣ ምጣድ ፊት ቆማ ያረጀች ናት፤ በሮቿ ቢላሉ አይፈረድባትም። ያው ቢሮ፣ ያው ሐኪም፣ ያው ቱቦ፣ ያው 120 ዲግሪ። ተመልሳ ስትመጣ እግሯን በትራስ ላይ ከፍ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሲቀመጡ ከፍ ማድረግ ሐኪሙ ያዘዘው ነው። ከዚያ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ደወለች። እኔ የወንድ ወግ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ሰው እስኪሰማ ስጠብቅ ነበር።

ሳይመሽ ቤቱ ሞላ። ቡናው ተቆላ፣ ዳቦው መጣ፣ ሽሮው መጣ፣ እኔ ወንበር ለቀቅኩ። «በእሳት? ከውስጥ? እንዴት ቻልሽው እናቴ!» ይሏታል። እሷም ዓይኗን ከድና ራሷን ትነቀንቃለች። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «አባ፣ እርስዎም ተሠርተው ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» ብትለኝ፣ አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ «የሱ እንኳ ቀላል ነበር» አለች።

ስኳር አለቀ ተባለ። ካልሲዬን ሳብ አድርጌ ስወርድ ያን ልቡን የተሠራውን ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ወዴት ነህ አለኝ፤ ነገርኩት። ደረቱን ይዞ «ውይ፣ ምን አገኛት? እግዜር ይማራት!» አለና ሳያርፍ ሽቅብ ይወጣ ጀመር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ እግሬን አየው። በመጨረሻ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ቆምኩለት።

«ስኳሩን ቶሎ በለው» አለኝ፣ «ቡናው እንዳይቀዘቅዝ።»